ጎተራው ጎደለ ተብሎ ማሳው አይወቀስም፦ «ገንዘብዎ ከቀነሰ ከስረዋል» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ርዕሱ «ገንዘብዎ ከቀነሰ ከስረዋል» ይላል። እኔ ዘንድ ከአራት ሰው ደርሶኛል። አራተኛዋ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ጽሑፉን በላኩልኝ ማግስት ደብተራቸውን ይዘው ደረጃውን ወጡ።

«ልጄ፣ አክሲዮኔን ልሸጠው ነው። ገንዘቤ እየሟሟ ነው» አሉኝ።

የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ ቡናው እስኪፈላ ቁጥሩን አንድ በአንድ አየነው። አክሲዮናቸው አልከሰረም። ያን ቀን ያየነውን ሌላውም እንዲያየው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። እትዬ ከመሸጣቸው በፊት ሰው ጠየቁ። ሳይጠይቁ የሸጡ እንዳይኖሩ እሰጋለሁ።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የተጻፈው ካጠራቀሙት ገንዘብ ላይ በየወሩ እያወጡ ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ዓመቱ ሲጀመርና ሲያልቅ ያለዎትን ገንዘብ ያወዳድሩ፤ ከቀነሰ ኢንቨስትመንትዎ ከስሯል፣ ከጨመረ አትርፏል ይላል። ሁለተኛ፣ ዋናውን ሳይነኩ የትርፍ ድርሻውን ብቻ ይብሉ፤ አክሲዮን የሚመረጠውም በሚከፍለው የትርፍ ድርሻ መቶኛ ነው ይላል። ሦስተኛ፣ ያለፉትን ዓመታት የትርፍ መቶኛ ደምረው በዓመቶቹ ቁጥር ያካፍሉ፤ አማካዩን ያህል በየዓመቱ ቢያወጡ ዋናው አይነካም ይላል። አራተኛ፣ ስሌቱ ከከበደዎት 4 በመቶ ያውጡ፤ ይህ በዓለም የተረጋገጠ ሕግ ነው ይላል። በመጨረሻም ቤት ያከራየ ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ የቤት ዋጋ በብር ሁልጊዜ ይጨምራል ብሎ ይዘጋል።

ጽሑፉ መልካም ጎንም አለው። ሰው ቢያንስ በዓመት አንዴ ቁጭ ብሎ ገንዘቡን እንዲቆጥር ይመክራል። በወሬ ብቻ አክሲዮን እንዳይገዛ ያስጠነቅቃል። ቋንቋውም ለማንም ይገባል። በዚህ ሁሉ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። የምለያየው ስሌቱ ላይ ስደርስ ነው።

በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው እሱ ነው።

ይህ ሰፈራችን ፎቅ ሳይበቅልበት በፊት እርሻ ነበር። ገበሬ ምርቱን የሚለካው አውድማ ላይ ነው። ሰኔ ላይ ጎተራውን ከፍቶ ጎድሎ ቢያገኘው ማሳው አላፈራም አይልም። ቤተሰቡ ሲበላው ከርሟል። ለዘር የተቀነሰ አለ። ገበያ የወጣም አለ። ማሳውን ሊፈርድበት ከፈለገ፣ የተረፈውን ከተበላው ጋር ደምሮ ነው። ጽሑፉ ግን የተበላውን ረስቶ በጎተራው ብቻ ማሳውን ይኮንናል።

የእትዬን ቁጥር ላሳይ። የሰው ገመና እንዳይወጣ አጠጋግቼዋለሁ። መስከረም 1 ቀን 1,000,000 ብር ነበራቸው። በየወሩ 10,000 ብር ለኑሮ አወጡ፤ በዓመት 120,000 ማለት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ 960,000 ብር ቀረ። በጽሑፉ ስሌት 4 በመቶ ከስረዋል።

አሁን የተበላውን እንመልስ። 960,000 ሲደመር 120,000፣ 1,080,000 ይሆናል። ገንዘቡ በዓመት ውስጥ 80,000 ብር አፍርቷል። ይህን ለ1,000,000 ብናካፍለው 8 በመቶ ይሆናል፤ ግን እሱም ትንሽ ይጎድለዋል። ምክንያቱም ሙሉው ሚሊዮን ዓመቱን ሙሉ ሥራ ላይ አልነበረም። በመስከረም የወጣው ብር ለአንድ ወር ያህል ብቻ ሠርቷል። በነሐሴ የወጣው ግን ዓመቱን ሊሞላ ነበር። በአማካይ ሲታይ የወጣው 120,000 ግማሽ ዓመት ያህል ሠርቷል። ስለዚህ ሥራ ላይ የነበረው ገንዘብ በአማካይ 940,000 ነው። 80,000ን ለ940,000 ስናካፍል 8.5 በመቶ ይመጣል።

ከ4 በመቶ ኪሳራ እስከ 8.5 በመቶ ትርፍ ያለው ርቀት ትንሽ አይደለም። ሰው የሚሸጠውና የሚያቆየው በዚህ ልዩነት ነው።

ስሕተቱ በተቃራኒውም ይሠራል። ከብሎካችን ምድር ላይ ሱቅ ያለው አንድ ወጣት ጽሑፉን አንብቦ በጣም ደስ ብሎት ነበር። 300,000 ብር የነበረው ገንዘቡ በዓመቱ 525,000 ደርሷል። በጽሑፉ መሠረት 75 በመቶ አተረፈ። ነገር ግን በየወሩ 20,000 ብር ከሱቁ እያመጣ ይጨምር ነበር። የጨመረው 240,000 ነው። 300,000 እና 240,000 ቢደመር 540,000 መሆን ነበረበት። 15,000 ብር ጎድሏል። በአማካይ ሥራ ላይ ለነበረው 420,000 ሲካፈል ወደ 3.6 በመቶ ኪሳራ ነው። ልጁ ጎበዝ ቆጣቢ ነው። ኢንቨስትመንቱ ግን መታየት አለበት።

አስቡት። አንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሁለት ጎረቤታሞች። ጽሑፉ ያተረፈችውን ሽጪ፣ የከሰረውን ጨምር ይላቸዋል።

ምንም ለማያወጣና ለማይጨምር ሰው የጽሑፉ ስሌት ትክክል መሆኑን እቀበላለሁ። መጀመሪያና መጨረሻን ማወዳደር ይበቃዋል። ግን ጽሑፉ የተጻፈው እያወጡ ለሚኖሩ ነው።

ሁለተኛውን ነጥብ ላቆይና ሦስተኛውን ላስቀድም፤ ከዚህ ጋር አንድ ላይ የሚሄድ ነው። አማካዩን ያህል ብታወጣ ዋናው አይነካም የሚለው ነው። እዚህ ላይ የሚረሳው የዓመቶቹ ቅደም ተከተል ነው።

ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 1,000,000 ብር ይዘው ጡረታ ወጡ እንበል። ሁለቱም በየዓመቱ መጨረሻ 100,000 ያወጣሉ። ለመጀመሪያው ገበያው 30 በመቶ ወጣ፣ ቀጥሎ 10 በመቶ ወጣ፣ በሦስተኛው ዓመት 20 በመቶ ወረደ። ለሁለተኛው በተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ 20 ወረደ፣ ከዚያ 10 ወጣ፣ በመጨረሻ 30 ወጣ። የሁለቱም አማካይ 6.7 በመቶ ገደማ ነው። ምንም ባያወጡ ኖሮ የሁለቱም ገንዘብ በሦስት ዓመት እኩል 1,144,000 ይደርስ ነበር። በነገራችን ላይ ይህ ዕድገት በዓመት 4.6 በመቶ ነው እንጂ 6.7 አይደለም። 20 በመቶ የወደቀ ገንዘብ ወደ ቦታው ለመመለስ 25 በመቶ መጨመር አለበት፤ ደምሮ ማካፈል ይህን አያይም።

ወጪው ሲገባበትስ? የመጀመሪያው ሰው በሦስት ዓመቱ መጨረሻ 876,000 ብር ይቀረዋል። የሁለተኛው 771,000። ልዩነቱ 105,000 ብር ነው። ኢንቨስትመንቱ አንድ፣ አማካዩ አንድ፣ ያወጡት አንድ። የተለየው መጥፎው ዓመት የመጣበት ጊዜ ብቻ ነው። ገበያው ሲወድቅ አውጥተው የበሉት ብር፣ ገበያው ሲነሳ አብሮ ሊነሳ አይችልም።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በአሜሪካ የ500 ትልልቅ ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚከተለው ኤስ ኤንድ ፒ 500 እ.ኤ.አ. በ2000 9 በመቶ፣ በ2001 12 በመቶ፣ በ2002 ደግሞ 22 በመቶ ገደማ ወደቀ። የትርፍ ድርሻው ተቆጥሮ እንኳ ነው። በ2003 ከ28 በመቶ በላይ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ጡረታ ወጥቶ በየወሩ እየሸጠ የኖረ ሰውና ምንም ያልነካ ሰው ከዚያ በኋላ አንድ ዓይነት ኑሮ አልነበራቸውም።

ስለዚህ አንድ ቁጥር አይበቃም። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «ገንዘቡ ያለበት ቦታ እንዴት ሠራ?» ነው። ለዚህ የማውጣትና የማስገባቱን ውጤት ማስወገድ ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ወጪ መካከል ያለውን ጊዜ ለየብቻ አስልተን እናባዛለን። 30 በመቶ የወጣው 1.30፣ 20 በመቶ የወረደው 0.80 ተብሎ ይጻፋል፤ 1.30 ሲባዛ በ1.10 ሲባዛ በ0.80፣ 1.144 ይሆናል። ይህ በጊዜ የተመዘነ ትርፍ ይባላል። የፈንድ አስተዳዳሪዎች በአብዛኛው የሚለኩት በዚህ ነው፤ ደንበኛ መቼ ገንዘቡን እንደሚያወጣ የሚወስኑት እነሱ አይደሉምና።

ሁለተኛው ጥያቄ «እኔ በገንዘቤ ምን አገኘሁ?» ነው። ይህ በገንዘብ የተመዘነ ትርፍ ነው። እያንዳንዱን ብር ከገባበትና ከወጣበት ቀን ጋር ይቆጥራል። ከላይ ባሉት ሁለት ሰዎች ብናሰላው፣ የመጀመሪያው በዓመት 6.1 በመቶ አገኘ፣ ሁለተኛው 2.6 በመቶ። ኢንቨስትመንቱ ለሁለቱም 4.6 ነበር። ሦስቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። የሚመልሱት ጥያቄ ነው የሚለየው። እትዬ አክሲዮኑን ልሽጥ ወይስ ላቆይ ካሉ የመጀመሪያውን ቁጥር ይዩ። ኑሮዬ እንዴት ሄደ ካሉ ሁለተኛውን።

ስሌቱ ያስፈራል የሚል ሰው ይኖራል። ኤክሴል ላይ ይህን ሁለተኛውን ቁጥር የሚያሰላ ኤክስ አይ አር አር (XIRR) የሚባል ቀመር አለ። በአንድ ዓምድ ቀን፣ በሌላው የብር መጠን ይጻፋል። የገባው በመቀነስ ምልክት፣ የወጣው በመደመር፣ በመጨረሻው ቀን የቀረው ገንዘብም በመደመር። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ኤክሴል የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። መስከረም 1ን እንደ ፈረንጅ ቀን መጻፍ አለባችሁ። ይህን ረስቶ በኢትዮጵያ ቀን ያስገባና ውጤቱ የተበላሸበት ሰው አይቻለሁ።

አሁን ወደ ትርፍ ድርሻው ልመለስ። እዚህ ላይ ጸሐፊውን በከፊል እረዳቸዋለሁ። ለብዙ ዓመት በአገራችን አክሲዮን የገዛ ሰው በዓይኑ የሚያየው የትርፍ ድርሻውን ብቻ ነበር። የባንኮች ሒሳብ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ኅዳር አካባቢ ጉባኤ ይጠራል፤ ድርሻው ይታወጃል። የአክሲዮኑ ዋጋ ግን በየቀኑ የሚታይበት ቦታ አልነበረም። ለመሸጥ የፈለገ ራሱ ገዢ ማፈላለግ ነበረበት። ዋጋው ስለማይታይ የማይንቀሳቀስ ይመስል ነበር። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ የተከፈተው ጥር 2017 ላይ ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነበር። ገና አዲስ ነገር ነው። በትርፍ ድርሻ ብቻ መኖር ደግሞ እጅን የሚሰበስብ ጥሩ ልማድ መሆኑን አልክድም።

መለኪያ ሲደረግ ግን ያሳስታል። «25 በመቶ ይከፍላል» የሚባለው በአብዛኛው አክሲዮኑ ላይ ከተጻፈው ዋጋ አንጻር ነው። የተጻፈው 1,000 ብር ከሆነ 250 ብር ነው። አክሲዮኑን ከሌላ ሰው በ1,600 ብር ለገዛ ግን 250 ብር 15.6 በመቶ ነው፤ ያውም ግብር ሳይቀነስ። በገዛ ኪስ የወጣው ነው መቆጠር ያለበት።

ሌላም አለ። አንድ ባንክ 25 በመቶ አተረፈና ሁሉንም ከፈለ። ሌላውም 25 አትርፎ 10 ከፈለ፣ 15ቱን ውስጥ አስቀረ። ጽሑፉ የመጀመሪያውን ሁለት እጥፍ ተኩል ይሻላል ይላል። የሁለተኛው ባለአክሲዮን 15 ግን አልጠፋችም፤ ባንኩ ውስጥ ናት። በሚገባ ከሠራችበት ነገ ትርፏን ይዛ ትመጣለች፤ ካልሠራችበት ደግሞ አትመጣም። ይህን ለማወቅ የባንኩን ሒሳብ ማየት እንጂ የድርሻውን መቶኛ ማየት አይበቃም።

የዚህ ስሕተት ውጤት በቅርብ ዓመታት በደንብ ታይቷል። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ባወጣው መመሪያ ነባር ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን፣ ማለትም ባለአክሲዮኖች ለአክሲዮን የከፈሉትን ገንዘብ፣ እስከ ሰኔ 2018 ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ ተጠየቁ። ስለዚህ ብዙ ባለአክሲዮኖች የትርፍ ድርሻቸው ወደ አዲስ አክሲዮን ተለወጠ። አንዳንዱም ከኪሱ ጨመረ። እትዬም ደብተራቸው ላይ ሁሉንም «ትርፍ» ብለው በአንድ ዓምድ ጽፈውት ነበር። እኔ እንዲህ ለየሁላቸው፤ እጅዎ የገባው ወጪ ተደርጎ ይጻፍ፤ ወደ አክሲዮን የተለወጠው ውስጥ ስለቀረ ምንም አይጻፍበት፤ ከኪስዎ የጨመሩት ገቢ ተብሎ ይጻፍ። ይህን ከለዩ በኋላ ሌላው ስሌት ራሱ ይመጣል።

አራተኛው ነጥብ፣ የ4 በመቶው «ሕግ»፣ አጭር መልስ ይበቃዋል። መነሻው አሜሪካዊው የፋይናንስ አማካሪ ዊሊያም ቤንገን እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተመው ጥናት ነው። ያየው የአሜሪካን አክሲዮንና የመንግሥት ቦንድ ነው፤ ከ1926 ጀምሮ ያለውን ታሪክ። በመጀመሪያው ዓመት 4 በመቶ አውጥቶ ከዚያ በየዓመቱ የዋጋ ንረቱን ያህል የሚጨምር ሰው ገንዘቡ ቢያንስ 30 ዓመት ይቆየዋል አለ። ከባድ ሥራ ነው፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን የአንድ አገር ታሪክ ነው። እኛ አገር ከአብዮቱ በፊት ተጀምሮ የነበረው የአክሲዮን ግብይት ተቋርጦ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቷል። የአሜሪካን ልክ ለእኛ ሰው ማልበስ አይቻልም። ደግሞም 4 በመቶው ምን ያህል ይውጣ የሚል ዕቅድ ነው። ገንዘቡ እንዴት እንደሠራ አይለካም።

በመጨረሻ ቤቱ። ይህ ነጥብ በእኛ ሰፈር ብዙ ደጋፊ አለው። የእኔም ቤተሰብ ያምንበታል። ቤት ጥሩ ሀብት ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ቤትም ይሰላል። ቤቱ 4 ሚሊዮን ብር ያወጣል ተብሎ በወር 15,000 ቢከራይ፣ በዓመት 180,000 ነው። 4.5 በመቶ። ተከራይ ሳይኖር የባከኑት ወሮች፣ ቧንቧውና ቀለሙ፣ ግብሩም ገና አልተቀነሱም። «ዋጋው እኮ ጨምሯል» ይባላል። ማን ገምቶት? ደላላው ስልክ ላይ የተናገረው ዋጋና ገዢ ቆጥሮ የሚሰጠው ዋጋ ይለያያሉ። ካልተሸጠ ያ ዋጋ ላም አለኝ በሰማይ ነው። መዝገብ ላይ ሲጻፍ ግምት ተብሎ ይጻፍ፤ ግምቱም ዝቅ ይበል።

«በብር ሁልጊዜ ይጨምራል» የሚለው ደግሞ ለቤት ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ያሳስታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊትም በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ በዚያው ጊዜ የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ 7 በመቶ ላይ ነበር። ዋጋ 30 በመቶ በሚጨምርበት ዓመት ገንዘቡ 20 በመቶ ያደገለት ሰው የመግዛት አቅሙ ወደ 8 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ባንክ ደብተሩ ላይ ግን ጭማሪ ነው የሚያየው።

ለእትዬም ይህን አልደበቅኋቸውም። አክሲዮኑ አልከሰረም ማለት ሁሉ ሰላም ነው ማለት አይደለም። 960,000 ብር በ8.5 በመቶ በዓመት የሚያፈራው 81,600 ነው። በወር 6,800። እሳቸው የሚያወጡት 10,000 ነው። 3,200ው ከዋናው ይወጣል። እዚህ ላይ ጽሑፉ አንድ እውነት ነክቷል፤ የገንዘቡ መቀነስ ምልክት ነው። ምልክቱ ግን የሚያሳየው የሚወጣውን መጠን ነው። አክሲዮኑ በደለኛ አይደለም።

አብረን አሰላነው። ትርፉ በዚሁ ቢቀጥልና ሁልጊዜ 10,000 ብቻ ቢያወጡ ገንዘቡ 13 ዓመት ያህል ይቆያል። ወጪያቸው ግን እንደ ኑሮ ውድነቱ በዓመት 8.5 በመቶ እየጨመረ ቢሄድ ትርፉን ንረቱ ይበላዋል፤ 960,000 ለ10,000 ተካፍሎ 96 ወር ይቀራል። 8 ዓመት። እትዬ ዝም ብለው ቁጥሩን አዩት። ከዚያ «ታዲያ መሸጡ ምን ይጠቅመኝ ነበር?» አሉ።

አልሸጡም። የሚያወጡትን ወደ 8,000 ዝቅ አደረጉ፤ የቀረውን ልጃቸው ልሸፍን አለ። ደብተራቸው ላይ አዲስ ዓምድ አሰመርን፤ ቀን፣ የወጣ፣ የገባ፣ የቀረ።

ለጽሑፉ ባለቤት አንድ ልመና አለኝ። ጽሑፉ አሁንም እየዞረ ነው። የዓመቱን መጀመሪያና መጨረሻ የሚያወዳድረው ሠንጠረዥ ላይ «በዓመቱ ውስጥ የወጣ» የሚል አንድ ዓምድ ቢጨምሩበትና እንደገና ቢያሰራጩት፣ ያነበቡት ሁሉ ቁጥራቸውን ዳግም ማየት ይችላሉ። እኔም የታረመውን ለላኩልኝ አራቱም ሰዎች እልካለሁ።